ብረት የማይነካበት ቀን

ዛፍ ቆራጭ ሲባል ሰው ሁሉ ጉልበት ብቻ ይመስለዋል። ኧረ ወዲያ! ጉልበት ቢሆንማ በሬ ይበልጠኝ ነበር። ዛፍ መቁረጥ ማለት ያ የቆመው ነገር ወዴት እንደሚወድቅ ከእሱ ቀድሞ ማወቅ ነው። አወቅሁ ስትል ደግሞ ይዋሽሃል። እኔ መጋዝ ተሸክሜ ከሞላሌ እስከ ዘመሮ ያልረገጥኩት ቀበሌ የለም። ይኸው ከግራ እጄ ጣት ጎድሎኛል፤ ቀኝ ጆሮዬ በቅጡ አይሰማም፤ ወገቤም ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። አብረውኝ ከጀመሩት ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ እኔ አለሁ፤ ዕድለኛ ካላችሁ ዕድለኛው እኔ ነኝ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አዲስ አበባ ሕንፃ በሕንፃ ሆነችና አይሱዙ አጣና ፍለጋ እስከ እኛ ደጋ ድረስ መውጣት ጀመረ። ቀጫጭኑን አጣና ማንም ይቆርጠዋል፤ ባለቤቱ ራሱ ጠዋት ወጥቶ ጠርቦ ይጭነዋል። እኛን የሚጠሩን ለትልልቁ ነበር። አያት የተከሉት፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው፣ ከቤት ጣሪያ በላይ ያዘነበለ፣ ወይም ከተማ ውስጥ ከመብራት ሽቦ ጋር የተቆላለፈ ዛፍ ሲሆን፣ ሰዉ «እነዚያን ጥሩልኝ» ይላል። ከዚያ በፊት ግን ራሱ ሞክሮት፣ ግማሽ ድረስ ቆርጦት፣ ፈርቶ ትቶት ነው የሚጠራን። ሰው የጀመረውን ዛፍ መጨረስ የመሰለ መከራ የለም።

ባሕር ዛፍ ክፉ እንጨት ነው። ጥድ ሲቆረጥ ይናገራል፤ ይንቋቋል፣ ያቃስታል፣ ጊዜ ይሰጥሃል። ባሕር ዛፍ ግን ዝም ብሎህ ይቆይና ድንገት ከሥሩ ወደ ላይ ይተረተራል፤ የተተረተረው ግማሽ ወደ ኋላ ተወርውሮ ደረትህን ይልሃል። አንድ የማውቀው ሰው የሞተው እንዲህ ነው፤ ዛፉ ሳይወድቅ እሱ ወደቀ። ከላይ ደግሞ የደረቀ ቅርንጫፍ አለ። ቀና ብለህ ካላየህ አናትህ ላይ ይወርዳል፤ ቀና ብለህ ካየህ ሰጋቱራው ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ምረጥ እንግዲህ! ነፋሱን አላወራውም። ጠዋት ከወዲህ ይነፍሳል ብለህ ገመድህን ታስራለህ፤ ከቀትር በኋላ ከገደሉ ሥር ዞሮ ከወዲያ ይመጣብሃል። በጥቅምት ውርጭ ጣትህ መጋዙን ይያዝ አይያዝ አታውቅም። በክረምት መሬቱ ይርሳል፣ ልትሸሽ ስትል እግርህ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። የምትሸሽበትን መንገድ ሳትጠርግ መጋዝ አታንሳ ብዬ ለጀማሪ ሁሉ እናገራለሁ። ይስቁብኛል።

የእኛ መጋዝ የሁለት ሰው መጋዝ ነበር፤ ከወዲህ አንድ እጀታ፣ ከወዲያ አንድ እጀታ። ወዲያኛውን እጀታ የሚይዘው የእህቴ ባል ነበር። ስለ እሱ ነው የማወራው። ለዚህ መጋዝ ትንፋሹን የምታውቀው ሰው ያስፈልግሃል፤ እሱ ሲስብ አንተ ትለቃለህ፣ አንተ ስትስብ እሱ ይለቃል፤ አንዱ ካኮረፈ መጋዙ ይታጠፋል። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ዛፉን እሰድባለሁ፣ ነፋሱን እሰድባለሁ፣ ባለቤቱን እሰድባለሁ። እሱ ሳቂታ ነበር። «አማቼ፣ አንተ በስድብ ልትጥለው ከሆነ እኔ ለምን ደከምኩ?» ይለኛል መጋዙን ሳያቆም። ዛፍ ላይ ሲወጣ ዝንጀሮ ነው፤ ገመዱን ከላይ የሚያስረው ሁልጊዜ እሱ ነበር። ግን ነገረ ሥራው ገበሬ ነው። መጋዙን የሚይዘው ከእርሻ በተረፈው ጊዜ ነው፤ ልቡ ያለው ገብሱ ላይ ነበር።

እህቴ ሥራውን ትጠላዋለች። በወጣን ቁጥር እስከ አጥሩ ትሸኘንና እሱን ሳይሆን እኔን ታያለች። «ወንድም ጋሼ፣ እሱን አንድ ነገር ቢያገኘው ዓይንህን አላየውም» ትለኛለች። ታናሼ ናት፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ግን እሷን የምፈራትን ያህል ዛፍ ፈርቼ አላውቅም።

ከእንጨቱም ከነፋሱም በላይ የሚያስቸግረን ግን በዓል ነበር። በእኛ አገር በክረምት፣ ገብሱ ዛላ ሲያወጣ፣ በበዓል ቀን ብረት አይነካም። ማረሻ፣ ዶማ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ ሁሉም ባለበት ያድራል። አንዱ ብረት ቢያነሳ በረዶ የሚወርደው በእሱ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በአጥቢያው ሁሉ ላይ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል፤ ሚስት ባሏን፣ ልጅ አባቱን ይጠብቃል። ከተሜ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ፈገግ የሚለው እህሉን ከሱቅ ስለሚገዛ ነው። ይህ ነገር ከመሆኑ በፊት በነበረው ዓመት የእህቴን አጥቢያ በረዶ እንዳለ መትቶት፣ ሰዉ በጋውን የእርዳታ ስንዴ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ስንቱን ያበላ አባወራ ጆንያውን በብብቱ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቀበሌ ደጃፍ ሲሰለፍ አይቻለሁ። አማቼ፣ የእህቴ ባልም፣ ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበር። ያን ቀን አልሳቀም።

በተከታዩ ነሐሴ የአጥቢያው መምሬ ጠሩን። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ አባታቸው የተከሉት ባሕር ዛፍ ከቤታቸው በላይ፣ ከዳገቱ ላይ ቆሟል። ክረምቱ መሬቱን አርሶት ዛፉ በየቀኑ ወደ ጣሪያቸው ያዘነብላል። «ልጆቼ፣ ሌሊት ሲያቃስት እየሰማሁ ዳዊቴን መድገም አቅቶኛል» አሉን። ያን ጊዜ የተክለ ሃይማኖት ዋዜማ ነበር። የደብሩ ታቦት ራሱ ተክለ ሃይማኖት ስለሆነ በዓሉ ለእነሱ ከበዓልም በላይ ነው፤ የዓመቱ ዝክር ተራ ደግሞ የመምሬ ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው በሙሉ እዚያ ዛፍ ሥር ካለው ቤት ገብቶ ሊበላና ሊጠጣ ነው። ስለዚህ ዛፉ ዛሬውኑ መውደቅ አለበት።

«አይ መምሬ፣ በአንድ ቀን ይህን ያህል ዛፍ?» አልኳቸው።

«ይቻላል በል እንጂ አማቼ» አለኝ የእህቴ ባል። «የራሴ ደብር ነው፤ አታሳፍረኝ።»

ጀመርን። እሱ ወጥቶ ገመዱን አሰረ፤ ጎረቤቱ ገመዱን ከቤቱ ተቃራኒ ወጥሮ ያዘ። በሚወድቅበት በኩል አፍ ከፈትንለት፤ ከኋላ መጋዙን አስገባን፤ ከወይራ የጠረብነውን ሽብልቅ መታንበት። ሁሉም ደኅና ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ጉሙ ከገደሉ ወጣና ጫፉን ዋጠው። የምትቆርጠውን ዛፍ ጫፍ አለማየት ዓይንህን ተሸፍነህ እንደ መሄድ ነው። ልናቆም ስንል ያ ሌባ ነፋስ ከጎን መታው። ዛፉ በቆመበት ዞረ፣ ገመዱን ከሰዎቹ እጅ መንጭቆ ሄደና ከመንገዱ ዳር ያለ አሮጌ ጥድ መንታ ላይ ተንጠለጠለ። አልወደቀም፣ አልቆመም። የተቆረጠው ሥሩ ከጉቶው ጋር በቀጭን እንጨት ተያይዟል፤ ጫፉ ጥዱ ላይ ነው፤ ወገቡ በግማሽ ከመምሬ አጥር በላይ፣ በግማሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሚወስደው መንገድ በላይ ተጋድሟል።

የተንጠለጠለ ዛፍ የቆራጭ ጠላት ነው። የቆመ ዛፍ ወዴት እንደሚሄድ ይገመታል፤ የወደቀ ዛፍ ወድቋል። የተንጠለጠለ ግን መቼ እንደሚለቅ፣ ሲለቅም ወዴት እንደሚራገጥ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። ጉም ውስጥ ሥሩ ገብተህ አትነካውም። የዋዜማው ደወል ተደወለ፤ ሰዉ ወደ ቤቱ ገባ።

ያኔውኑ መምሬ ቤት ተቀመጥን። የማኅበሩ ሙሴም መጣ፤ ሙሴ የሚሉት የማኅበሩን አለቃ ነው፤ ደርባባ፣ ሰው የሚፈራው ገበሬ ነበር። እኔ የሚደረገውን ተናገርኩ፦ መንገዱም ቤቱም በእሾህ ይታጠር፤ ዝክሩ ሌላ ሰው ቤት ይሁን፤ ከነገ ወዲያ በመጥረቢያና በበሬ ሥሩን ጎትተን እናወርደዋለን።

«ዝክር ከባለ ተራው ቤት አይወጣም» አለ ሙሴው። «ጠላው ተጠምቋል፤ ድግሱ ተደግሷል። ታቦቱን ሊሳለም የሚመጣው አገር ደግሞ በየት ይለፍ? በሌላ በኩል ገደል ነው።»

«እንግዲያስ ነገ ጠዋት በመጥረቢያ ልጨርሰው።»

ሁሉም ቀና አሉ። ስድብ የተናገርኩ ያህል ነው ያዩኝ። «አንተ ምን ቸገረህ» አለኝ ሙሴው። «ገብስህ እዚህ የለ።»

እውነቱን ነው፤ የእኔ ማሳ ሌላ አጥቢያ ነው። ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ነው አማቼ የተናገረው። «ገመድ ብረት አይደለም» አለ። «እንጨትም ብረት አይደለም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሁሉ ገመዱን ወደ ጎን ይሳብ፤ እኔ ሥሩን በረዥም እንጨት ፈንቅዬ ከጉቶው አላቅቀዋለሁ። ብረት ሳንነካ ይወርዳል።»

የሁሉም ፊት በራ። መምሬ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ይቅርብህ» አሉት። እኔ ክንዱን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁት። «አብደሃል? የተንጠለጠለ ዛፍ ሥሩ ላይ ቆሞ የሚፈነቅል ሰው አይተህ ታውቃለህ? ቢራገጥ የት ትሸሻለህ? ከኋላህ ካብ ነው!»

«አማቼ» አለኝ፤ «እኔ የቆረጥኩት ዛፍ ዝክሩ ላይ ተንጠልጥሎ እያየሁ እንዴት አድርጌ ነው ከሰው ጋር የምቀመጠው? አንተ ነገ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። እኔ እዚህ ነው የምኖረው።» ይሉኝታ ነው እንግዲህ። ይሉኝታ ከዛፍ በላይ ሰው ይገድላል። እኔ ትቼ ብሄድ ገመድ ሳቢውን ሌላ ሰው ያዝዛል፤ ሌላው ደግሞ ስለ ዛፍ ምንም አያውቅም። ስለዚህ ማዘዙን እኔ ያዝኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሰዉ በእሾህ ባጠርነው መንገድ ዳር ዳር እየተጠጋ አልፎ አስቀደሰ። ቅዳሴ ሲያልቅ ጉሙ ተነስቶ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። አጥቢያው በነጭ በነጭ ለብሶ ገመዱን ያዘ። እየሳቁ ነው፤ ለጨዋታ የተሰበሰቡ ነው የሚመስለው። አማቼ ረዥሙን እንጨት ይዞ ሥሩ ጋ ቆመ። ጋቢውን አውልቆ ካቡ ላይ አኖረ። ሴቶቹ መምሬ ጓሮ ወጥ ይሠራሉ፤ እህቴም ከእነሱ ጋር ናት፤ ሥሩ ላይ የሚቆመው እሱ መሆኑን አልነገራትም።

«ሳቡ!» አልኩ። ሳቡ። ጥዱ ተንቋቋ። «እንደገና!» አማቼ እንጨቱን አስገብቶ ፈነቀለ። ያቺ ቀጭን ማያያዣ ስትበጠስ ሰማኋት፤ ደኅና በሚሰማው ጆሮዬ። «ሽሽ!» ብዬ ጮህኩ። ጫፉ ከጥዱ መንታ ወጥቶ በዝግታ፣ በሚያስጠላ ዝግታ ተንከባለለ፤ ከዚያ ድንገት ወረደ። ሥሩ ከጉቶው ዘልሎ ወደ ኋላ ተራገጠ። እሱ ወደ ጎን ዘሏል፤ መዝለሉን አይቻለሁ፤ ግን ጭቃው እግሩን ያዘው። ግንዱ ከካቡ ጋር አጣብቆት እግሩ ላይ ተጋደመ።

ከዚያ እሱ «አማቼ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ውሃ ስጠኝ እንደሚል ሰው።

ጭካኔ አልነበረም፤ ይህን ልናገርላቸው ይገባል። ሁሉም ሮጠው መጡ። በእጃቸው አነሱት፣ በትከሻቸው ገፉት፣ ገመዱን እንደገና አስረው ሳቡት። አልተነሳም፤ ቅርንጫፎቹ ታች ከጥዱ ሥር ተቀርቅረዋል። ትንሽ ከፍ ብሎ ተመልሶ ሲያርፍ እሱ እንደ እንስሳ ጮኸ። «ተዉት!» አልኳቸው። «እንዳትነኩት! መቆረጥ ነው ያለበት። ከዚህ ላይ ከቆረጥነው አጭሩን ቁራጭ በእጃችን እናነሳዋለን።»

ሁሉም ዞረው አዩ። መጋዙ መምሬ ደጃፍ ተደግፎ ይታያል።

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። «ቁረጡ!» አሉ። «ለነፍስ ነው! እግዚአብሔር ይፍታችሁ፤ እኔ ፈትቻችኋለሁ። ምን ትጠብቃላችሁ?»

መጋዙን አመጣሁ። በመጥረቢያ አይሆንም፤ ምቱ ሁሉ አጥንቱ ላይ ነው የሚያርፈው። መጋዙን ግንዱ ላይ አኖርኩና ወዲያኛውን እጀታ ወደ ሰዉ አዞርኩት። «አንድ ሰው!» አልኩ። «አንድ ሰው ብቻ ይያዝልኝ!»

የያዘ የለም። ዓይናቸውን ተከትዬ ባይ ሁሉም ቁልቁል ማሳውን ያያሉ። ገብሱ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። አንድ ጎረምሳ ሚሊሻ ወደ ፊት አንድ ርምጃ ወጣ፤ እናቱ ከኋላ ጋቢውን ጨምድዳ ያዘችው፤ እሱም ቆመ። «መምሬ ቢፈቅዱ በረዶው መምሬን አይሰማ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሙሴው ያለቅሳል። ዕንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል፤ እጁን ግን አልዘረጋም። ሰደብኳቸው። እናት አባታቸውን ሰደብኩ፣ ደግሜ ለመንኳቸው። ብቻዬን ሞከርኩ፤ መጋዙ ተጣጠፈ፣ ግንዱ ተነቃነቀ፣ እሱ ጮኸ፤ ተውኩት።

ከዚያ እህቴ መጣች። እጇ እስከ ክንዷ ወጥ ነክቶታል። ማንንም አላየችም፤ እሱን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ዞራ ወዲያኛውን እጀታ ያዘች።

«አንቺ ሴት!» አለ ሙሴው። «ገብሱ ዛላ ላይ ነው ያለው! ልጅም አለሽ!»

ወደ እኔ ዞረች። «ምን ላድርግ ወንድም ጋሼ?» አለችኝ።

«ሳቢ። እንዳትገፊ። ስስብ ልቀቂ፤ ተራሽ ሲሆን ሳቢ።»

እህቴ በሕይወቷ መጋዝ ይዛ አታውቅም። መጀመሪያ ገፋችና ታጠፈ። «እንዳትገፊ አልኩሽ!» ብዬ ጮህኩባት፤ በዚያች ሰዓትም ተቆጣኋት፤ ምን ላድርግ፣ አፌ ነው። ቀጥሎ ዘዴው ገባት። ሳበች፣ ለቀቀች፤ ሳበች፣ ለቀቀች። ከሥራችን እሱ ዓይኑን ከፍቶ ያያታል። ሰጋቱራው ፊቱ ላይ ይወርዳል፤ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችለት ትስባለች። መጋዙ እንዳይነክስ ከላይ ሽብልቁን መታሁበት። ሰዎቹ ቁራጩ ወደ ሆዱ እንዳይንከባለል በእንጨት ደግፈው ያዙ፤ እንጨት ብረት አይደለምና እሱን ያዙ። ግንዱ ሲበጠስ ምድር ተንቀጠቀጠች። አጭሩን ቁራጭ አነሱለት። ከጉልበቱ በታች ያየሁትን አልነግራችሁም። እህቴ መቀነቷን ፈትታ ጭኑን አሰረችው።

ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ኋላ አላለም። ቃሬዛ ተሠራ፤ እየተቀያየሩ በሩጫ ሞላሌ አደረሱት። እጀታውን እንቢ ያሉት ሰዎች ቃሬዛውን ለመሸከም ይሻሙ ነበር፤ እያለቀሱ ይሸከማሉ። አጣና ጭኖ የሚወርድ አይሱዙ ጭነቱን አራግፎ ወደ ሆስፒታል ይዞን በረረ። ሐኪሙ አየውና ወደ እህቴ ዞረ። «እግሩ አይተርፍም፤ እሱ ግን ይተርፋል። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ እሱም አይተርፍም ነበር» አላት። እህቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሐኪሙን መረቀችው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከሆስፒታል ሳንወጣ፣ መስከረም ውስጥ፣ በረዶ ወረደ።

በረዶ መንገድ አለው፤ አንዱን ይመታል፣ አጠገቡ ያለውን ይዘላል። የእኔን አጥቢያ ዘለለ። የእነሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ እስከ ገደሉ አፍ ጨረሰው። ወሬውን ይዞ የመጣው ዘመድ ለእሱ ነው የነገረው፤ እህቴን ቀና ብሎ አላያትም።

ማንም አልሰደባትም። ቢሰድቧት ይሻል ነበር፤ ስድብ ይመለሳል። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሞሉም አልሞሉ ይነሳሉ። የማኅበሩ ተራ ሲደርሳት ዘለሏት። እግር ለሌለው ሰው ይወጣ የነበረ ደቦ ለእሱ አልወጣም። መምሬ በየቅዳሴው «ለነፍስ የተነሳ ብረት በደል የለበትም» እያሉ አስተማሩ፤ ሰዉ መስቀላቸውን ተሳልሞ ወጣ፤ ምንም አልተለወጠም።

እኔ አላስቻለኝም። ሙሴው ቤት ሄድኩ። «መጋዙን ያነሳሁት እኔ ነኝ!» አልኩት። «ቀድሜ የነካሁት እኔ! እኔን ለምን አትጠሉኝም?»

ሰውየው አልተቆጣም። እሱም ከስቷል፤ እሱም እንደገና ጆንያ ይዞ ሊሰለፍ ነው። «አንተ የሌላ አጥቢያ ሰው ነህ» አለኝ። «ባንተ ላይ ምን እንላለን? እሷ ግን የእኛ ነበረች።» ነበረች አለ። ልመታው ነበር፤ ልጆቹ ከጓዳ ሲያዩኝ አየሁና ወጣሁ።

ኅዳር ላይ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሌላው ሰው ማሳውን ለከብት ለቆታል። እህቴ ግን የተኛውን ገብስ ቢያንስ ለላሟ ድርቆሽ ይሆናል ብላ ብቻዋን ታጭዳለች። ባሏ ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ክራንቹ አጠገቡ ነው። እንደ ድሮው ሊቀልድብኝ ይሞክራል ብዬ ጠበቅሁ። «ደኅና ነህ?» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዛላውን በእጁ አሽቶ ገለባውን እፍ ይላል፤ ፍሬ የለበትም፤ ይጥለውና ሌላ ያነሳል።

እህቴ እያጨደች አጠገባችን ስትደርስ እንዲህ አላት፤ ሳይቆጣ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ፦

«ያን ቀን መጋዙን ባትነኪው ኖሮ ይህ ሁሉ እህል ነበር።»

ማጭዷን እንደያዘች ቀና አለች። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። የእኔ እህት ናት፣ የእኔ ቁጣ አላት። ግን አልጮኸችም።

«ባልነካው ኖሮ» አለችው፤ «ይህን የሚለኝ ሰው አይኖርም ነበር።»

ከዚያ ቆመች። መልስ እየጠበቀች ነበር፤ አየኋት። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ «አይ አንቺ» ቢላት እንኳ ይበቃት ነበር። በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። እሱ ግን የተኛውን ገብስ ነበር የሚያየው።